ለመኪና ልብስ ስሰፋ

ሰሞኑን ሰመራ ላይ፣ ከልጄ ሱቅ በረንዳ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ መኪና አለፈ። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥቁርና ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ዓይን የሚያጥበረብር ነገር። በረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ ተነሣ። አንዱ "የመንግሥት ነው" አለ፤ ሌላው "ማስታወቂያ ነው" አለ። የልጅ ልጄ ግን ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና "እማዬ፣ ገና ገበያ ያልወጣ ሞዴል ነው። ቅርጹ እንዳይታወቅ ነው እንዲህ የሚያዥጎረጉሩት። እዚህ ያመጡት ሙቀቱን እንዲቀምስ ነው" አለችኝ።

"እሱንስ አውቃለሁ። ስፌቱ የታለ?" አልኳት።

"የምን ስፌት?"

"እንዴ፣ ይኸ ዝም ብሎ ወረቀት ነው?"

ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። መርፌ የለ፣ ክር የለ፣ ወረቀት ለጥፎ መሄድ ብቻ! እጄ ከሥራ ያረፈው በቅርቡ ነው። ዓይኔ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኝ ተውኩት እንጂ ልቤስ አልተወውም። የልጅ ልጄ "በይ ንገሪን" ስትል "ወረቀት ስጪኝና ልጻፈው" አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። እግሬም እንደዚያው ነበር።

የተወለድኩት ባቲ ነው። የባቲን ገበያ ያየ ያውቀዋል፤ ከላይ ወሎዬው ይወርዳል፣ ከታች አፋሩ ይወጣል፣ መሐል ላይ ጨውና እህል ይገናኛሉ። አፋርኛን እዚያው ገበያ ውስጥ፣ በእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ ለቀምኩት። ባሌ ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ አላህ ይማረው። እኔም ሴት ልጄን አዝዬ አዋሽ ወረድኩ። አክስቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሆቴል ነበራት። ለሆቴል ሥራ እንዳልተፈጠርኩ በሳምንቱ ታወቀ። ከእንግዳ ጋር ጨዋታ ስይዝ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ እንግዳው ደግሞ ባቡሩ ያመልጠዋል።

አክስቴ ተስፋ ስትቆርጥ የበረንዳውን የተቀደደ ሸራ ሰጠችኝ። "ቢያንስ ይህን ጥቀሚ፣ አፍሽም ይረፍ" አለች። ጠቀምኩት። በማግስቱ የጣቢያው ሸራ ሰፊ ጋሽ ወርቁ ሻይ ሊጠጡ መጥተው ቀና ሲሉ አዩት።

"ይህን ማን ሰፋው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ። ሰፌድ ስትሰፋ እያየሁ ነው።"

ጋሽ ወርቁ ወንበር ላይ ቆመው ስፌቱን በጥርሳቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። አልተላቀቀም። "ይሄዳል" አሉ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከሳቸው ጋር የፉርጎ ሸራ ሰፊ ሆንኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ፊርማው ብዙ። ይኸን ካልኩ ይበቃል።

ጋሽ ወርቁ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ በባቡር ሥራ ያረጁ፣ ፈረንሳይኛን ከፈረንጅ አለቆቻቸው፣ ከሼፎቹ፣ ጋር እየተጣሉ የተማሩ። ሲሠሩ መርፌ በከንፈራቸው ጥግ ይይዛሉ፤ በዚያው ያወራሉ፤ መርፌው ግን አይወድቅም። ክሩን ሁልጊዜ በሰም ያሹታል። የሸራውን ጠርዝ ሲደርቡ እንደ ዶሮ ላባ ወደ ኋላ ያስተኙታል፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ አልፎ እንዲሄድ እንጂ ገብቶ እንዳይነፋው ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሸራውን ራሳቸው ላይ አልብሰው መሬት ላይ ይተኛሉ። መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ፤ የሞቱ መሰለኝ።

"ምን ሆኑ፣ ጋሽ ወርቁ?"

"ምንም አልሆንኩ። እኔን ያፈነ ሸራ የፉርጎውንም ቡና ያፍነዋል፤ ዝናብ አያስገባም" ይላሉ ከሥር ሆነው።

ባቡሩ በሶማሊያው ጦርነት ተቋርጦ እንደገና መመላለስ በጀመረበት ወራት፣ ከጅቡቲ በመጣ ፉርጎ ላይ አንድ የታሸገ ነገር ወረደ። አብሮት ሙሴ አልቤር የሚባል ቀጭን ፈረንጅ መጣ። ጋሽ ወርቁን ፈልጎ አገኛቸውና ቁጭ ብሎ ነገራቸው፤ እሳቸው ለእኛ ተረጎሙልን። መኪና ፋብሪካ ውስጥ ተወልዶ ገበያ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል አሉን። በመሐል ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ዳገቱን መቅመስ አለበት፤ ለሙቀት ደግሞ ከአፋር የተሻለ የት ይገኛል? ግን ቅርጹ ከታየ ሌላ ፋብሪካ ይቀዳዋል፤ ገዢውም "አዲሱ እየመጣ ነው" ብሎ አሮጌውን መግዛት ይተዋል።

"ስለዚህ ይሂድ እንጂ አይታይ። ቅርጹን በሚያሳስት ሸራ አልብሱልኝ" አለ ሙሴ አልቤር። ቀጥሎም ጣቱን አቆመ፤ "አንድ ቀን ራቁቱን ከታየ፣ ወሬውም ከወጣ፣ ፋብሪካው ሥራውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል።"

በጋሽ ወርቁ ሥር የምንሰፋው እኔን ጨምሮ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ አብዛኞቻችን ያለ ባል ልጅ የምናሳድግ። የፈረንጁ ሥራ የፉርጎውን እጥፍ ያስገኛል። ተያየን። "ሚስጥር ከሆነስ እስከ መቃብር" አለች አንዷ፤ ከመካከላችን ወሬ የምትወደው እሷ ነበረች።

መኪና ማልበስ ፉርጎ እንደ መሸፈን አይደለም። ፉርጎ ሣጥን ነው፤ መኪና ግን ጉንጭ አለው፣ ትከሻ አለው፣ ዳሌ አለው። ሸራውን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እላዩ ላይ ዘርግተን ነው የምንቆርጠው። ክቡ ላይ ስንደርስ ጠርዙን በመቀስ ጠቅ ጠቅ እናደርገዋለን፣ ካልሆነ ይጨማደዳል። ከሥሩ ስፖንጅ እንሰፋለን፤ ቀጥ ያለው ጎባጣ፣ ጎባጣው ቀጥ ያለ እንዲመስል። ለመብራቱ ወንፊት የመሰለ መረብ፣ ለበሩ ረጅም ዚፕ።

ጋሽ ወርቁ እዚህም የራሳቸውን ፈተና አመጡ። ልብሱ ሲያልቅ ጣቢያው ላይ ብርቱካን የሚሸጡትን ሴቶች እየጠሩ ይጠይቃሉ።

"ይኼ ምን ይመስላል?"

"ግመል የተኛ" ትላለች አንዷ።

"አንቺስ?"

"ኧረ እኔስ ሶፋ ነው የመሰለኝ።"

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ጋሽ ወርቁ ስፌቱን ይፈቱታል። "ሁሉም በየራሱ ሲሳሳት ያኔ ጥሩ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር ካየ፣ አንድ የሚታይ ነገር አለ ማለት ነው።

ሹፌሩ ከማል ይባላል። የድሬዳዋ ልጅ፣ በአሰብ መንገድ ላይ በከባድ መኪና ዓመታት የተመላለሰ፣ አፋርኛም የሚሞክር፣ ቀልድ ካላወራ መንገድ የማይገፋለት ሰው። ከአዋሽ ወደ ዱብቲ ስንወርድ፣ ልብሱ ቢቀደድ እንድንጠግን እኔና ጋሽ ወርቁ አብረን እንሄዳለን። በየኬላው ያው ነው።

"ጓድ ሹፌር፣ ይኼ ምንድነው?"

"መኪና ነው ጓድ።"

"ለምን ተሸፈነ?"

"ብርድ እንዳይመታው።"

በዚያ ዕቶን ውስጥ! ጠባቂው ፈርጠም ብሎ ያየዋል፣ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ከዚያ ሳቁ ያሸንፈዋል። "ሂድ፣ አንተ ጉደኛ!" ገመዱ ይወርዳል።

እኔንም አይተወኝም ነበር። "ዘሃራ፣ ለመኪና ይህን ያህል ከተጨነቅሽ፣ ለሰው ብትሰፊማ እንዴት ልትሆኚ ነው?"

"ሰው ያወራል። መኪና ዝም ይላል፤ ለዚህ ነው የምወደው" እለዋለሁ።

ሙሴ አልቤርን ያስፈራው ካሜራ አልነበረም። ዳጉ ነበር። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይላሉ፤ ያየኸውን፣ የሰማኸውን ሁሉ ትናገራለህ፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ምን እንግዳ ነገር አለፈ። መደበቅ ነውር ነው፤ መዋሸትማ ከሰው ያስወጣል። ዳጉ ይባላል። ጠዋት ጭፍራ የሆነውን ማታ አሳይታ ላይ ትሰማዋለህ። ሙሴ አልቤር ይህን ሲረዳ ራሱን ያዘ። "ከዚህ ወሬ አሰብ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያ መርከበኛ ይሰማዋል፤ ከዚያ የሌላው ፋብሪካ ሰው!" እያለ ይቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ክፉዋ ቀን ልምጣ።

በአንድ ጉዞ ከመኪናው አፍ፣ ማለትም አየር ከሚገባበት፣ በላይ ያለውን ፊቱን በትልቅ የስፖንጅ ጉብታ መደበቅ ነበረብን። በክር ብንወጋው የመርፌው መስመር ቅርጹን ያሳብቃል ተባለ። ከውጭ በቆርቆሮ የመጣ ማጣበቂያ ነበር፤ ሙቀት ይችላል የተባለ። ሁላችንም አመንነው፤ ሙሴ አልቤርም፣ ጋሽ ወርቁም፣ እኔም። ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ተኙና "ይሄዳል" አሉ። ግን የተኙት አዋሽ ላይ ነው። አዋሽ ሙቅ ነው ትላላችሁ፤ ሰርዶን ያላየ ሰው ሙቀት አላየም።

ሙሴ አልቤር በአጃቢው መኪና የቤንዚን ኩፖን ሊያስፈርም ሚሌ ሄዷል። እኛ ሦስታችን ሰርዶ ደርሰን ስንመለስ፣ ይኸው ዛሬ ሰመራ የተሠራችበት፣ ያኔ ግን ድንጋይና ፀሐይ ብቻ የነበረበት ሜዳ ላይ፣ ማጣበቂያው ቀለጠ። ጉብታው እንደ ቅቤ ተንሸራቶ የመኪናውን አፍ ዘጋው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ወደ ቀይ ወጣ። ከማል የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ለመሳብ ማሞቂያውን ከፈተ፤ እሳት ፊታችን ላይ ተነፋ። ቆመን ጉብታውን ብንገፋው እየተዝለገለገ ይመለሳል። ከማል የነበረውን ውሃ ሁሉ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ፤ የራሱን መጠጫ ጭምር፣ እኛ ሳናይ።

ከዚያ ቀልዱ ቆመ። ቀና ብዬ ሳየው ላቡ ደርቋል፣ ፊቱ ቀይ ሆኗል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ዘፍ አለ።

"ዱብቲ ሐኪም ቤት ካላደረስነው ይሞታል" አሉ ጋሽ ወርቁ። መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። "ቅደጂው።"

"ልብሱን?"

"ልብሱን። ካልተነፈሰ አይሄድም።"

"ጋሽ ወርቁ፣ ሎጊያ ገበያ ነው ዛሬ። አገር ሁሉ ያየዋል። የሴቶቹ እንጀራስ?"

"ሸራ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ዘሃራ። ሰው አይሰፋም።"

መቀሱን አወጣሁ። ወላሂ፣ የራሴ ስፌት እንደዚያ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ድርብ ነው፣ በሰም የታሸ ነው፤ አልቆረጥም ብሎ ታገለኝ። እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ፣ ገፈፍኩት። የተገፈፈውን ከማል ላይ ጥላ አድርገን ወጠርነው።

ግመል የምትነዳ አንዲት አፋር ደረሰች። ምንም ሳትጠይቅ የውሃ አቁማዳዋን ፈታች። ግማሹን ከማል ጠጣና ራሱ ላይ ፈሰሰለት፤ ግማሹን ሞተሩ ጠጣ። ከዚያ ቁጭ አለችና ዳጉዋን ጠየቀች። ውሃዋን ተቀብዬ እንዴት ዝም እላለሁ? ነገርኳት፤ የሆነውን እንደሆነው። እሷም ዞር ዞር ብላ መኪናውን በደንብ አየችው።

ቀጣዩ ጥያቄ ማን ይንዳ ነው። ጋሽ ወርቁ መሪውን አፍጥጠው አዩት። በዕድሜያቸው የነዱት ሐዲድ ላይ የምትሄደውን የጥገና ጋሪ ብቻ ነው።

"ጋሪዋ መሪ አልነበራትም" አሉ።

"ታዲያ እንዴት ትታጠፍ ነበር?"

"ሐዲዱ ያጥፋታላ!"

ከማል ከኋላ ተጋድሞ በቀጭን ድምፅ ያዝዛል። "ክላች... ጋሼ፣ ክላች... የግራ እግር..." መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ መሆኑ በጀን። ሎጊያ ስንደርስ ግን ገበያው መሐል ገባን፤ ጋሽ ወርቁ ጥሩምባውን ላንድ አፍታ አልለቀቁትም። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ አየን። ያ ማንም እንዳያየው የተባለ መኪና፣ አንጸባርቆ፣ ራቁቱን፣ በአንድ ሽማግሌ እየተነዳ በዓለም ፊት አለፈ።

ዱብቲ ሐኪም ቤት ደርሰን ከማል ጉሉኮስ ተሰጠው፤ ከሰዓታት በኋላ "መኪናው ብርድ መታው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ያኔ ነው እፎይ ያልኩት፤ አልሐምዱሊላህ።

ሙሴ አልቤር ሲመለስ መኪናው ሐኪም ቤቱ ደጅ ቆሞ፣ ሰዎች ጥላው ሥር ተቀምጠው አገኘ። መጀመሪያ "ከማልስ?" አለ። ይህን አልረሳለትም። ደህና ነው ስንለው እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ። "ነገ ለፋብሪካው ቴሌግራም አደርጋለሁ። አበቃ" አለ። ጋሽ ወርቁ "ቅደጂ ያልኳት እኔ ነኝ" አሉት። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ "እኔም ብሆን እቀደው ነበር" አለ። ግን አበቃ ማለቱን አልተወም። አምስቱ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ መጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሐመዱ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ከኤሊዳር በኩል ደረሱ። መኪናውን በዓይናቸው አላዩትም፤ ሌሊቱን ወደ ዳስ ገብቷል። "ሙሴ፣ ቴሌግራሙ ይቆይ። ወሬው ምን ሆኖ እንደተጓዘ ከእኚህ እንስማ" አልኩ። ሽማግሌው በአፋርኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ጋሽ ወርቁ በፈረንሳይኛ፤ እንዲህ ተደርድረን ተቀመጥን።

ሐመዱ ከዝናቡ ጀመሩ፤ ከግጦሹ ቀጠሉ። ከዚያ "ልብስ የለበሰ መኪና ነበር" አሉ፤ "ሞቀውና ልብሱን አወለቀ። ደግ አደረገ። ውስጡ የታመመ ሰው ነበር፤ ውሃውን ለመኪናው ሰጥቶ ራሱ የጠማው ሰው ነው። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት መቀስ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰችም ትሳደብ ነበር። አንድ ሽማግሌ መኪናውን ግመል እንደሚከተል ሰው ነዳው። ሎጊያ ላይ አንድ ቅርጫት ቲማቲም ደፋ። የታመመው ዱብቲ ነው፤ አልሞተም።"

"ቲማቲሙን እውነት ደፍቻለሁ?" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ መተርጎሙን ትተው።

ሙሴ አልቤር ተጠጋ። "መኪናውስ? መኪናው ምን ይመስል ነበር?"

ጠየቅኋቸው። ሐመዱ ግራ ገባቸው። "መኪና ነዋ" አሉ።

"ፊቱስ? መብራቱስ? ጀርባው ክብ ነው፣ ሹል ነው?"

ትንሽ አሰቡ፤ የሚያውቁትን መደበቅ ነውር ነውና አሰቡ። "ጎማው አራት ነው" አሉ። "ለመንገደኛ የሚሆን ውሃ አልያዘም፤ ይህ ነውር ነው። ፍየል ማስገቢያም የለውም ብለዋል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን አለው? የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋ ከብት የለም።"

ሙሴ አልቤር ሲተረጎምለት "ጎማው አራት?" አለ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቅ ነው ለካ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሐመዱም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁለት። ቴሌግራሙ በዚያው ቀረ። ማጣበቂያው ተጣለ፤ ጉብታውን እኔና ጋሽ ወርቁ በኪስ በኪስ አድርገን፣ ክሩን ከውስጥ አስገብተን ሰፋነው፤ ለአፉም መተንፈሻ ተውንለት። ከዚያ ቀን በኋላም ያለ ጄሪካን ውሃ የወጣ መኪና የለም።

ሐመዱ ከመሄዳቸው በፊት፣ ሕመምተኛ ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንም ብለው ከማል ዘንድ ገቡ። ምን እንዳወሩ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ክር ልገዛ አሳይታ ገበያ ወረድኩ። ሰሌን የምትሸጥ፣ በዓይኔ አይቻት የማላውቅ አንዲት አፋር ሻሼን አየችና እጄን ያዘችኝ።

"አንቺ ባለ መቀሷ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ጠየቀሽ ወይስ ገና ነው?"

"ማን?"

"የታመመው ሹፌር ነዋ! ስነሣ እጠይቃታለሁ ብሏል። እዚህ ሁላችን እየጠበቅን ነው።"

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከማል ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

"አሳይታ ሁሉ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

ዳቦው አነቀው። "ለሽማግሌው ነበር የነገርኳቸው... ዳጉ ጠየቁኝ፣ መዋሸት ነውር ነው..."

"ታዲያ ለሳቸው ያልዋሸኸውን ለኔ ንገረኝ።"

ነገረኝ። መልሴን የሰማው እሱ መጀመሪያ ነው፤ ጭፍራ ሁለተኛ።

ሙሴ አልቤር ይህን ከጋሽ ወርቁ ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። "ሁለተኛው መኪና በሚቀጥለው ወር በባቡር አዋሽ ይደርሳል። እባካችሁ ኒካሑን በዚያው ቀን አድርጉት!" አለ። እኛም እሺ አልነው፤ ከቀልድ የጀመረ ነገር ቁም ነገር ሆነ። መኪናው በፊተኛው ልክ አስቀድሜ የሰፋሁትን ልብስ ለብሶ ከፉርጎ ሲወርድ፣ አክስቴ ሆቴል ደጅ ዳስ ተጥሎ ነበር። የጣቢያው ሠራተኛ፣ የኬላው ጠባቂ፣ ብርቱካን ሻጮቹ፣ አምስቱ ባልደረቦቼ፣ ከዱብቲ ድረስ የመጡ አፋሮች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ጋሽ ወርቁ የሰፋሁትን የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ በጥርሳቸው ሳብ አድርገው "ይሄዳል" አሉ፤ እልልታው ጣቢያውን አናወጠው።

መኪናው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ ብሎ አለፈ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። የለበሰውን ልብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔም አላየሁትም።